የተቀዛቀዘ የገበያ ማዕከልን ወደ ሕዝብ መዝናኛ ቦታ መለወጥ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምድር ቤቱ በገዢ ተጨናንቆ ሳለ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ ተርታውን የወረደ የሱቅ መዝጊያ ብቻ የሚታይበት የገበያ ማዕከል ለደሴም ሆነ ለኮምቦልቻ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ባዶ የቀረውን ወለል ልጆች የሚጫወቱበት፣ ተማሪ የሚያነብበት፣ አዛውንት ተቀምጠው የሚጨዋወቱበት ቦታ ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ «ይቻላል» ነው። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች የቀረበው ሲሆን፣ ስለ አንድ የተወሰነ ሕንፃ ሳይሆን በሁለቱ ከተሞች በብዛት ስለሚገኘው ከአራት እስከ ስድስት ወለል ስላለው የንግድ ሕንፃ የተጻፈ ነው።

«የሕዝብ መዝናኛ ቦታ» ሲባል ካፌና ሬስቶራንት ማለት ነው?

አይደለም። ካፌ ለመቀመጥ ቢያንስ አንድ ማኪያቶ ማዘዝ ግድ የሚልበት ቦታ ነው፤ ያዘዙት ሲያልቅም አስተናጋጁ ብርጭቆውን አንስቶና ጠረጴዛውን ወልውሎ የመነሻ ሰዓት መድረሱን በትሕትና ያስታውቃል። እዚህ የምንነጋገርበት ቦታ ዋና መለኪያው አንድ ነው፤ ሰው ምንም ሳይገዛ ገብቶ ሊቀመጥበት መቻሉ። ጨዋታው፣ ንባቡና ስፖርቱ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉ ይህን ሐሳብ ለከተማው ሰው ለማስረዳት ብዙ ንግግር እንዳያስፈልግ ያደርጋል። ልዩነቱ በዚያ አዳራሽ ግብር የሚያበሉት ንጉሡ ሲሆኑ፣ በዚህኛው ግን ወጪውን ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የሚከተለን መሆኑ ነው።

የገበያ ማዕከሎቹ ለምን ተቀዛቀዙ?

ብዙ ሰው ምክንያቱን በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ከተሞቹ በጦርነቱ ተይዘው በነበረበት ጊዜ ከደረሰው ዝርፊያ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። በዚያ ጊዜ ዕቃውን አጥቶ ሱቁን ዳግም መክፈት ያቃተው ነጋዴ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ የላይኛው ፎቅ ባዶነት ጦርነት ባልደረሰባቸው ከተሞችም የሚታይ ስለሆነ ሌላም ምክንያት መፈለግ ይገባል።

ትልቁ ምክንያት በእኔ አስተያየት ሕንፃዎቹ የተሠሩበት ስሌት ነው። ወለሉን በተቻለ መጠን ወደ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች ቆርሶ እያንዳንዱን ማከራየት የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ከፍተኛ ገቢ ያሳያል፤ ውጤቱ ግን በስፋቱም በሚሸጠው ዕቃም ከጎረቤቱ የማይለይ የሱቅ ተርታ ነው። ምድር ቤት ያገኘውን ጫማ ፍለጋ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ገዢ ደግሞ የለም። የደሴ ሰው በተለይም ሰኞ ሰኞ ከየገጠሩ ለገበያ የሚወርደው ሕዝብ፣ መንገድ ዳር እያየ፣ እየዳሰሰና እየተከራከረ መግዛት የለመደ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ልብስና መዋቢያ የሚሸጡ ወጣቶች ዕቃቸውን ቤታቸው አስቀምጠው፣ ፎቶውን በቴሌግራም ቻናል ለጥፈው በሞተር ማድረስ ስለጀመሩ፣ ቀድሞ ለላይኛው ፎቅ ተስፋ የነበረው ጀማሪ ነጋዴ ሱቅ ሳይከራይ መሥራት ችሏል።

ሊፍቱም የራሱ ድርሻ አለው። አንድ ጊዜ ቆሞ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሊፍት፣ ከዚያ በኋላ ቢጠገን እንኳ የሰውን እግር ወደ ላይ መመለስ ይቸግረዋል።

ለምን ኪራይ አይቀንሱም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አከራይ ለአራተኛ ፎቅ ተከራይ ቢቀንስ ዜናው በማግስቱ ምድር ቤት ስለሚደርስ፣ ሁሉም ይቀነስልን እንዳይል በመስጋት ባዶውን ማቆየት ይመርጣል። ስሌቱ እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ ትክክል ነው፤ ባዶነቱ ራሱ የታችኛውን ገዢ ማራቅ ሲጀምር ግን ስሌቱ ይፈርሳል።

ሕንፃውን አፍርሶ ለመዝናኛ የሚሆን አዲስ ነገር መሥራት አይሻልም?

ለደሴ አይመስለኝም። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተዘረጋች፣ ሜዳ የሚቸግራትና ተዳፋቷም ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ በመሆኑ፣ በመሀል ከተማ አርማታው ደርቆ፣ ጣራው ተከድኖ፣ ውሃና መብራት ገብቶለት የቆመ ወለል በቀላሉ የሚጣል ሀብት አይደለም። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ሐምሌና ነሐሴን በዝናብና በጭጋግ የምታሳልፍ ከተማ ናት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው፤ ልጆች ለመጫወት ሰፊ ጊዜ የሚያገኙት ውጭ መጫወት በማይቻልበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለደሴ የሚያስፈልገው የመዝናኛ ቦታ ከሣር ይልቅ ጣራ ያለው ነው።

ማፍረስ የሚመረጥበት ሁኔታ የለም ማለት ግን አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የስቶክተን ኦን ቲስ ከተማ ምክር ቤት በመሀል ከተማው የነበረውን ካስልጌት የተባለ የገበያ ማዕከል ገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ማፍረስ የጀመረው ቦታውን የወንዝ ዳር ፓርክ ለማድረግ ነበር። ሕንፃው ከተማውን ከወንዙ ለይቶት ስለነበር ውሳኔው ምክንያት ነበረው። በተቃራኒው በአሜሪካ ቴክሳስ የማክአለን ከተማ፣ ዋልማርት የተባለው የችርቻሮ ኩባንያ ትቶት የሄደውን ከ11 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሱቅ ሳያፈርስ እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርጎታል። ሁለቱም ከእኛ የሚለዩበት ነጥብ አለ፤ የማክአለኑ ባለ አንድ ወለል ስለሆነ የደረጃና የሊፍት ጣጣ አልነበረበትም።

በነገራችን ላይ በዓለም የመጀመሪያው ባለጣራ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ተደርጎ የሚቆጠረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሚኒሶታ የተከፈተውን ሳውዝዴልን የነደፈው ቪክቶር ግሩን የተባለ የቪየና ተወላጅ አርክቴክት፣ ከመነሻው ያሰበው ሱቅ ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አብሮ የሚገኝበትን የከተማ እምብርት ነበር። በኋላ የተስፋፋው ሱቁ ብቻ በመሆኑ ግሩን ራሱ በሥራው ውጤት አዝኖ ነበር። የገበያ ማዕከልን ወደ ማኅበረሰብ ቦታ መመለስ እንግዳ ሐሳብ የሚመስለው ካለ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ሕንፃው በሙሉ ይለወጣል ወይስ ከፊሉ?

ከፊሉ ብቻ መለወጥ አለበት። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ወለል 20 ሱቅ ያለው ባለ 5 ወለል ሕንፃ እንውሰድ። ምድር ቤቱ ሙሉ ነው እንበል፤ በአንደኛው ፎቅ 12፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 2 ሱቆች ተከራይተዋል፤ አራተኛው ፎቅ ባዶ ነው። ከ100 ሱቆች የሚሠሩት 39 ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ የተበተኑት 7 ነጋዴዎች ወደ አንደኛው ፎቅ ቢወርዱ ያ ወለል 19 ሱቅ ይዞ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሦስት ሙሉ ወለል ደግሞ ነፃ ይሆናል። ባለቤቱ በዚህ ለውጥ ያጣው ኪራይ የለም። በየፎቁ ተበታትነው የጨለመ ኮሪደር ሲጠብቁ የነበሩ ነጋዴዎችም አንድ ላይ ሲሰባሰቡ ገበያ ይመስላሉ።

ነፃ የሆኑት ሦስቱም ወለሎች በአንድ ጊዜ መከፈት አለባቸው ማለት አይደለም። ከሱቆቹ በላይ ያለው የመጀመሪያው ወለል ተከፍቶ ሰው ሲለምደው ወደ ቀጣዩ መሄድ ይሻላል። ከላይ ወደ ታች መጀመር፣ ማለትም ሰገነቱን በጌጥ አሳምሮ መካከሉን ጨለማ መተው፣ ብዙ ጊዜ የሚሞከር ስሕተት ነው፤ ሰው በሦስት ባዶ ወለል አልፎ አይወጣም።

ነባር ሱቅ ተከራዮች ምን ይሆናሉ?

የጉዳዩ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ ስለሆነ፣ የሱቅ ተከራይ መብቱ የሚወሰነው በዋናነት በውሉና ስለ ኪራይ በሚደነግገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ውሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። አንዳንዱ ተከራይ «ቁልፍ» ብሎ ለቀድሞው ተከራይ የከፈለው ገንዘብ በየትኛውም ውል ላይ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን በእርሱ ዘንድ የጥሪቱ ዋና ክፍል ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ «ውልዎ አልቋል፣ ይውረዱ» ማለት ከሕግ አንጻር ባያስጠይቅም ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን በጠላትነት ያስጀምረዋል።

በስቶክተን ማፍረሱ ከመጀመሩ በፊት ነጋዴዎቹ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሌላ የገበያ ማዕከል እንዲዛወሩ ተደርጓል፤ ከዚያ የምንወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። በእኛ ሁኔታ የሚመከረው፣ ከላይ የሚወርደው ነጋዴ በላይኛው ፎቅ ይከፍል በነበረው ኪራይ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በታችኛው ወለል እንዲሠራ በጽሑፍ ቃል መስጠት፣ የመደርደሪያና የመብራት ማዛወሪያውን ወጪም ባለቤቱ መሸፈን ነው። የታችኞቹ ተከራዮች «እኛ የበለጠ እየከፈልን እርሱ ለምን በትንሽ ይቀመጣል?» ማለታቸው አይቀርም፤ ተገቢው መልስ የላይኛው ወለል ሲከፈት በእነርሱ ሱቅ ፊት ለፊት የሚያልፈው ሰው መጨመሩ ነው። ያ መልስ የሚታመነው ግን ሰው ሲመጣ ሲታይ ብቻ ስለሆነ እስከዚያው ትዕግሥትና ተደጋጋሚ ስብሰባ ያስፈልጋል።

ከላይ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር ቤትና ስልክ ጠጋኝ ካለ ግን ከሌላው ነጋዴ ጋር አብሮ ማውረድ ግድ አይደለም። እነዚህ ደንበኛቸው ፈልጓቸው የሚመጣ ስለሆኑ በመዝናኛው ወለል ዳር ዳር ቢቆዩ ለቦታው ሕይወት ይሰጡታል።

ወለሉ የሚመጣውን ሰው ይችላል? ግድግዳ ማፍረስስ አያሰጋም?

ሱቅ ተብሎ የሚነደፍ ወለል በአውሮፓ የግንባታ ኮድ መሠረት በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ኒውተን፣ በግርድፉ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም፣ ጭነት እንዲሸከም ተደርጎ ይሰላል። ኢትዮጵያም የምትጠቀምበት የሕንፃ ደረጃ ከዚሁ ኮድ ጋር የተቀራረበ ነው። ጠረጴዛና ወንበር ያለው የንባብ ወይም የጨዋታ ክፍል ከዚህ ያነሰ ጭነት ስለሚጠይቅ በዚህ በኩል ችግር የለም። ችግሩ የሚጀምረው ሌላ ዓይነት ጭነት ሲመጣ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ የመጽሐፍ መደርደሪያ በካሬ ሜትር እስከ 750 ኪሎ ግራም ስለሚታሰብለት መጻሕፍቱን ዝቅ ባሉ መደርደሪያዎች በቢሞቹ (ወለሉን በሚሸከሙት አግድም አርማታዎች) ላይና በግድግዳው ዙሪያ መበተን ያስፈልጋል። ሰው እኩል የሚዘልበት ኤሮቢክስና ቴኳንዶ ክብደቱ ባይበዛም ሶሌታውን (የወለሉን አርማታ) በምት ስለሚያንቀጠቅጠው ቦታው ምድር ቤት ነው። የመዋኛ ገንዳ ሐሳብ በየስብሰባው የሚያነሳው ሰው አይጠፋም፤ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ብቻውን በካሬ ሜትር 1,200 ኪሎ ግራም መሆኑን ነግሮ ወደ ሌላው አጀንዳ ማለፍ ነው።

ሱቆቹን የሚለየው የብሎኬት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የሚሸከም አይደለም። እንዲያውም የአንድ ካሬ ሜትር ብሎኬት ከነልስኑ ከ200 ኪሎ ግራም የማያንስ ስለሆነ ግድግዳው ሲነሳ ወለሉ ይቀልለታል። ይሁን እንጂ በሊፍቱና በደረጃው ዙሪያ ያለው የአርማታ ግድግዳ ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚቆምበት ስለሆነ በር ለማውጣት እንኳ መነካት የለበትም። ይህ ለወሎ የወረቀት ጥንቃቄ አይደለም። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን ያፈራረሰና የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ የሰነጠቀ ነበር፤ ከተሞቹ የተቀመጡትም በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው።

በፕላን ላይ ያለው ፌሮ ሁሉ በሶሌታው ውስጥ መግባቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። ስለዚህ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የስትራክቸር መሐንዲስ የሕንፃውን ፕላን ይዞ ኮለኖቹንና ቢሞቹን ወለል በወለል እንዲመረምር፣ ጥርጣሬ ካለም የአርማታውን ጥንካሬ እንዲፈትሽ ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ወጪ ነው።

ለልጆች ደኅንነት ምን መስተካከል አለበት?

በመሀላቸው ክፍት የሆነ አዳራሽ ባላቸው ሕንፃዎች የኮሪደሩ መደገፊያ ብረት አግድም ከተሠራ ለልጅ መሰላል ነው። ብረቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከፍታውም ከ1 ሜትር ከፍ ያለ መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ ያው ክፍት አዳራሽ እሳት ቢነሳ ጭሱን ወደ ላይ የሚስብ ጭስ ማውጫ ስለሚሆን፣ ልጆች የሚውሉበት ወለል ሁለት የተራራቁ መውጫዎች ያስፈልጉታል። ሌባ በመፍራት በሰንሰለት የታሰረ የኋላ ደረጃ መውጫ ተብሎ አይቆጠርም።

ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎችስ?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ጭምር ምቹ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የተለመደው የራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ሲሆን፣ የደሴ ሕንፃ መግቢያ ከዳገታማ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ በአምስትና በስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ለዚህ የሚበቃ ቦታ ፊት ለፊት ላይገኝ ይችላል። ግን ዳገቱ ራሱ መፍትሔ ይሰጣል፤ በተዳፋት ላይ የቆመ ሕንፃ የኋላው ወይም የጎኑ መንገድ አንዳንድ ጊዜ ከአንደኛው ፎቅ ጋር እኩል ስለሆነ በዚያ በኩል በር መክፈት ከራምፕም ከሊፍትም ይረክሳል። ሊፍቱ አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ የአዛውንቱ መቀመጫ ታች ይሁን።

ውሃ፣ መብራትና መጸዳጃ ቤት እንዴት ይሆናል?

ከሁሉ የሚያሳፍረው መጸዳጃ ቤቱ ነው። በብዙ የንግድ ሕንፃ መጸዳጃ ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ በየሱቁ ይዞራል፤ ከሱቅ ያልገዛ ሰው ቁልፍ ለመጠየቅ ይሸማቀቃል። ቀኑን ሙሉ ልጅና አዛውንት የሚውልበት ወለል በዚህ ሁኔታ አንድ ሳምንትም አይቆይም። የሴቶቹና የወንዶቹ ለየብቻ፣ ክፍት፣ መብራት ያለውና ቋሚ ጽዳተኛ የተመደበለት መጸዳጃ ቤት የማይኖር ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሻላል። አነስተኛ ክፍያ ማስከፈል ነውር አይደለም፤ ክፍያው የጽዳተኛዋን ደመወዝ እስከሸፈነ ድረስ ሰው አይከፋበትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰገነት ላይ ያለው ሮቶ ለሱቆቹ ተብሎ የተገዛ ስለሆነ መጨመር ይኖርበታል።

የመብራቱ ነገር ከዲዛይን ጋር የተያያዘ ነው። ጀነሬተር በየቀኑ ነዳጅ እየጠጣ ነፃ ቦታን ማብራት አይችልም። ስለዚህ የሱቆቹ የኋላ ግድግዳ ሲነሳ መስኮቶቹ እንዲገለጡ፣ የንባብና የልጆች ቦታ በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን የማይፈልገው ዕቃ ቤት ደግሞ በመካከል እንዲሆን ማድረግ ይገባል።

ምን ምን ይግባበት?

«ወጣቱ የሚፈልገው» ተብሎ መጀመሪያ የሚጠራው ፑል፣ ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ነው። እነዚህ ክፉ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ በየሰፈሩ አሉ፤ በብዛት የሚገቡባቸውም ወንዶች ናቸው። ቦታው ገና ሲከፈት በእነዚህ ከተሞላ ሴቶች ልጆችና እናቶች «የእኛ አይደለም» ብለው ይተዉታል፤ አንዴ ከተተወ ደግሞ ስሙን መቀየር ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጦ፣ በከተማው ውስጥ መቀመጫ ያጣው ማን ነው ብሎ መጀመር ይሻላል።

ልጇን ይዛ ለጉዳይ ወጥታ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያለባት እናት መቀመጫ የላትም። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ፣ ቤቱ ጠባብ የሆነ ተማሪ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ የለውም። ዳማና ገበጣ መጫወት የሚወድ ጡረተኛ ብርድና ዝናብ ሲሆን ከቤቱ አይወጣም። ሰኞ ዕለት ከገጠር የመጣች፣ ዕቃዋን ሸጣ የሚመልሳትን መኪና የምትጠብቅ ሴት እግሯን የምታሳርፈው አስፋልት ዳር ነው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም፤ ጀርባ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የሕፃናት ጥግ፣ የመጠጥ ውሃ፣ ስልክ መሙያ ሶኬት፣ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቁልፍ ያለው ሳጥን። ጸጥታ የሚፈልገው ከሚጮኸው በግድግዳ መለየት ስላለበት የሱቅ ግድግዳዎችን በሙሉ ማፍረስ አይገባም፤ ጥቂቶቹ ለንባብ ክፍል እንዳሉ ቢቆዩ ወጪም ይቆጥባል። ባዶ አርማታ ድምፅን ስለሚያስተጋባ በጣራው ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ካልተደረገ ሃያ ልጆች የመቶ ያህል ይጮኻሉ።

ፑሉና ጆተኒው በሁለተኛው ዓመት ይምጡ።

ጫት፣ ሺሻና መጠጥ ይፈቀዳል?

ሺሻ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው፤ በተዘጋ የሕዝብ ቦታ ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ። ጫትና መጠጥ በበኩላቸው በቦታው ደንብ አለመፈቀዳቸው ከመጀመሪያው ቀን በበሩ ላይ ይጻፍ።

በሁለት ሃይማኖት ከተማ ውስጥ አለመግባባት አይፈጥርም?

በወሎ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ከውጭ በመጣ ሰው ነው ለማለት ይቃጣኛል፤ ቢሆንም ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። የምግቡ ነገር ቀላል መፍትሔ አለው፤ ሥጋ በወለሉ ላይ ጨርሶ እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። ሻይ፣ የጀበና ቡና፣ ዳቦ፣ አምባሻና የጾም ምግብ ሁሉንም ያስተናግዳል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ በቅዳሴ ሰዓት ጮክ ያለ ዝግጅት አይያዝም። በረመዳን የመክፈቻውና የመዝጊያው ሰዓት ከአፍጥር ጋር ይስተካከላል። መንዙማም ሆነ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት የሚሰማባቸው ምሽቶች በመርሐ ግብር ይታወቁ፤ በዘፈቀደ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ሙዚቃ ግን ሱቆቹንም አንባቢውንም ይረብሻል።

ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ሦስት ነገሮች ለየብቻ ይታያሉ። አንደኛው ይዞታው ነው፤ ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ በውሉ ላይ የተጻፈው አገልግሎት ንግድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል የከተማ አስተዳደሩን ማስፈቀድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሕንፃው ነው፤ ግድግዳ ማንሳትና አገልግሎት መለወጥ በባለሙያ ተነድፎ ለከተማው የሕንፃ ሹም ይቀርባል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ባለቤትነቱ ነው። ሕንፃው የአክሲዮን ማኅበር ከሆነ የመመሥረቻ ጽሑፉ እንዲህ ያለውን ሥራ መፍቀዱን ማየት፣ ካልፈቀደም በጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻል ያስፈልጋል። ሱቆቹ በተናጠል ለብዙ ሰዎች ተሸጠው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ የጋራ ሕንፃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ኮሪደሩንና ደረጃውን የሁሉም የጋራ ንብረት ስለሚያደርግ አንድ ባለቤት ብቻውን ወስኖ ኮሪደር ላይ ወንበር መደርደር አይችልም።

ማን ያስተዳድረው?

የሕንፃው ባለቤት ብቻውን ከያዘው ገበያ ባገገመ ማግስት ወለሉን መልሶ ሱቅ ያደርገዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻውን ከያዘው ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዘጋዋል፣ ሰው መዝናናት የሚጀምረው ግን ከሥራ ሲወጣ ነው። የሚሻለው የባለቤቱ፣ የሱቅ ተከራዮቹና የአካባቢው ነዋሪዎች ተወካዮች ያሉበት አነስተኛ ኮሚቴ ሆኖ፣ ከባለቤቱ ጋር ቢያንስ የአምስት ዓመት የጽሑፍ ውል ያለው አካል ነው። የአስተዳደር ልምድ ከየት ይመጣል የሚል ካለ ቅሬዎቻችንን (ዕድሮቻችንን) ይመልከት፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና መዋጮውን በመዝገብ ይዘው ከወላጅ ወደ ልጅ ያስተላለፉ ማኅበራት አንድ ፎቅ ማስተዳደር አያቅታቸውም። የዕለት ሥራው ግን በኮሚቴ አይሠራም፤ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል።

ወጪው ከየት ይሸፈናል?

ቋሚ ወጪዎቹ የኃላፊው፣ የጥበቃውና የጽዳተኛው ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃና ጥገና ናቸው። ወለሉ ባዶ ሆኖም ጥበቃ ይከፈልበት ስለነበር ሁሉም አዲስ ወጪ አይደለም። ገቢው ከጀበና ቡናውና ከሻይ ቤቱ ኪራይ፣ ከስፖርት ሥልጠና ክፍያ፣ ከልጆች መጫወቻ ዕቃ፣ አዳራሹን ለምርቃት፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ ከማከራየት ሊገኝ ይችላል። አንድ ገደብ ግን መጠበቅ አለበት፤ ከወለሉ ቢያንስ ግማሹ፣ በተለይም በመስኮት በኩል ያለው፣ በማንኛውም ሰዓት ያለ ክፍያ ክፍት ይሁን። ገቢ ሲቀንስ የመጀመሪያው ፈተና ነፃውን ወንበር አንስቶ ጠረጴዛ ማከራየት ስለሆነ ገደቡ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ባለቤቱ ከዚህ ምን ያገኛል ከተባለ፣ ትርፉን በላይኛው ወለል ላይ መፈለግ የለበትም። ልጁን ለማጫወት ያመጣ አባት ሲመለስ ደብተር፣ እስክሪብቶና ዳቦ የሚገዛው ከምድር ቤቱ ነው። የላይኛው ወለል ራሱን ከቻለ በቂ ነው፤ የሕንፃው ገቢ የሚቃናው በታችኞቹ ሱቆች ነው።

ለኮምቦልቻም ይሠራል?

ይሠራል፤ ቅርጹ ግን ይለያል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ በ1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃታማና ሜዳማ ከተማ ስለሆነች የሕንፃውን ግቢ፣ የመኪና ማቆሚያውንና ሰገነቱን በጥላ ሸፍኖ መጠቀም ከውስጡ ይቀድማል። ተጠቃሚውም ይለያል። የኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ከቤተሰብ ርቀው ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ብዙ ወጣት ሴት ሠራተኞች አሏቸው፤ እነርሱ የሚያርፉበት ሰዓት በፈረቃ የተከፋፈለ ስለሆነ ቦታው ቀትር ላይም ማታም መከፈት፣ የማታው መመለሻ መንገድም መብራት ሊኖረው ይገባል።

በምን እንጀምር?

ግድግዳ ከማፍረስ አይደለም። መጀመሪያ ባለቤቱ በጽሑፍ ተስማምቶ፣ ሱቆቹ ለብዙ ሰው የተሸጡ ከሆነም የጋራ ባለቤቶቹ ተስማምተው፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ የአንዱን ወለል ኮሪደርና ሦስት አራት ባዶ ሱቆች አጽድቶ መክፈት ነው። ዕቃ የተከመረበት የኋላ ደረጃ ይለቀቅ፣ መደገፊያ ብረቱ ይስተካከል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይከፈት፣ መብራት ይግባ። አንድ ክፍል ለንባብ፣ አንዱ ለሕፃናት፣ አንዱ ለዳማና ለገበጣ በቂ ነው። በዋናው ደረጃ ሥር አንድ ሰው ተቀምጦ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ከነዚያም ስንቶቹ ሴቶችና ልጆች እንደሆኑ፣ ሲወርዱም ስንቶቹ ወደ ሱቅ እንደገቡ በደብተር ይመዝግብ፤ መስከረም ላይ ባለአክሲዮኖቹና ተከራዮቹ የሚከራከሩት በዚያ ደብተር ላይ ይሆናል። ወንበርና ጠረጴዛ ለመግዛት ገና ገንዘብ ካልተገኘ ለሁለቱ ወራት ከአካባቢው ቅሬ በኪራይ መውሰድ ይቻላል፤ ለቅሶ ሲደርስ እንደሚመለስ ግን አስቀድሞ መስማማት ነው።